አንድ ፌስታል ሣር

ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር፣ የሚወሰደውንና የሚጣለውን የመለየት ሥልጣን ለራሴ ሰጠሁ። ኢንጂነር ነኝ፤ ክፍሎቹን በሜትር ለክቼ ነበር። ከእማዬ አልጋ ሥር አንድ ትልቅ ፌስታል ወጣ፤ ውስጡ የደረቀ ሣር ነው። ከፈትኩት፣ አሸተትኩት፣ ከቆሻሻው ጋር ሸኘሁት።

ማታ ላይ «ፌስታሌስ?» አለችኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይሁን እንግዲህ፣ ድሮስ መች ልሰፋበት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ሣሩ አክርማ ነበር፤ ገሚሱም ቀለም የተነከረ አለላ። አያቴ ከመሞቷ በፊት ለእማዬ የሰጠቻት ነው። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በስልክ። እማዬ ልጅ እያለች ክረምቱ ሲወጣ ከእኩዮቿ ጋር ስንደዶ ትለቅም ነበር። በ14 ዓመቷ የሰፋችውን ሙዳይ ለማየት ጎረቤት ይመጣ ነበር። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ 33 ዓመት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት፣ በመሃል እኔና እህቴ። ወስፌዋን አስቀምጣ እኛን አሳደገች። ጡረታ ስትወጣ ሣሩን ልታወጣው አስባ ነበር። እኔ ቀደምኳት።

ጥፋቴን በገንዘብ የማስተካክለው መሰለኝ። መርካቶ ሄጄ ሣር ገዛሁ። አየችውና «ይሄ ወፍራም ነው» አለች። ሁለተኛ ስገዛ «የዚህ ቀለሙ ይለቃል» አለች። ሦስተኛ ጊዜ ምንም አላለችም። በማግስቱ ጠዋት ግን በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ውሃ ያርከፈከፈችበትን አክርማ አንድ በአንድ ስትመርጥ አገኘኋት። 61 ዓመቷ ነው።

የምሠራው ከቤት ስለሆነ ላፕቶፔን ይዤ አጠገቧ መቀመጥ ለመድኩ። አንድ ቅዳሜ «ንድፉን በኮምፒውተር ላውጣልሽ» አልኳት። ቀላል መሰለኝ፤ ክብ በክብ ላይ መደርደር አይደል? ኮዱን ጽፌ ምስሉን ሳሳያት ሳቀች። «አንተ፣ ይሄ ክብ እኮ ተዘግቷል። ስፌት አይዘጋም።»

እውነቷን ነው። ስፌት ከእምብርቱ ተነስቶ ዳሩ ላይ እስኪያልቅ አንድ መስመር ነው። ስንደዶው እየተቀጠለ ይዞራል፤ አክርማው ደግሞ በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ እያለፈ ካለፈው ዙር ጋር ያስረዋል። ዙሩ የሚጀምረው ያለፈው ካለቀበት ነው፣ ግን አንድ ደረጃ ወጣ ብሎ። ስለዚህ ንድፉ ዞሮ ሲመጣ ራሱን በትክክል አያገኝም። ያቺን ክፍተት ሰፊዋ በዓይኗ እያስታረቀች ትሄዳለች። የእኔ ኮድ ይህን አያውቅም ነበር።

እልህ ያዘኝና ሂሳቡን ሠራሁት። የስንደዶው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ31 ሚሊ ሜትር ግድም ይረዝማል፤ መሃል ላይም ዳር ላይም ያው ነው። አክርማው አንዴ ሲጠመጠም 2 ሚሊ ሜትር ከያዘ፣ በየዙሩ 15 ያህል ጥምጥም ይጨመራል ማለት ነው። በኩራት ነገርኳት።

«16 ነው የምጨምረው» አለች ቀና ሳትል። «ኮከቡ ስምንት ጫፍ አለው፤ ለየጫፉ ሁለት ሁለት። 15ማ ለስምንት መች ይካፈላል?»

አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማርኩት እኔ ነኝ።

እውነት ለመናገር፣ ከጓደኞቼ ጋር ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። አንድም ቀን እማዬን ልውሰዳት ብዬ አላውቅም። ጥበብ እዚያ ያለ፣ እሷ ደግሞ ቤት ያለች ነገር ነበሩ በጭንቅላቴ። ስለ ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ ማንበብ የጀመርኩትም በቅርቡ ነው። ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናቸው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብሩሻቸውን አላስቀመጡም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ የመጀመሪያ ሸክላቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ብዙው ዓለም የሰማቸው ግን ፒያኗቸው በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም በ2006 ሲወጣ ነው፤ ያኔ 82 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ሁሉ መሃል ሙዚቃው ነበረ። ያልነበረው ሰሚ ነው።

በመጨረሻ እማዬን ወሰድኳት። ሥዕሎቹን ቀስ ብላ አየች፤ ከሥዕሎቹ ይልቅ ግን ጎናቸው የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ ነበር የምትቆየው። ታክሲ ውስጥ «የሁሉም ስም አለ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እናቴ ስንት መሶብ ሰፋች። አንዱም ላይ ስሟ የለም» አለች። ስሞታ አልነበረም፣ ዝም ብላ ነው ያለችው። እኔ ግን የፌስታሉ ነገር መጣብኝ። ያ ሣር ላይ ስም ቢኖር ኖሮ እጥለው ነበር?

ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። የብሎካችንን ኮሚናል ለአንድ ቅዳሜ ለመንን። የልብስ ገመድ ወጠርኩ፣ መቆንጠጫ ገዛሁ፣ ወረቀቶቹን ቢሮ አተምኩ፤ ወጪው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ሰባት ሴቶች ሥራቸውን አመጡ፤ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ። ትንሿ 54 ዓመቷ ነው። ስም ስመዘግብ ከሁለተኛ ፎቅ የመጡት እትዬ፣ 71 ዓመታቸው ነው፣ «በማን ስም ነው የምትጽፈው? በባለቤቴ?» አሉኝ። «በእርስዎ ነው እንጂ» ስላቸው ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው አስጻፉኝ። ቀኑን ሙሉ ከወረቀታቸው አጠገብ አልተንቀሳቀሱም፤ የሚያልፈውን ሁሉ «አንብብ» ይሉ ነበር።

ታሪኩን ከዚህ በላይ ማሳመር አልፈልግም። የመጣው ሰው ባብዛኛው ጎረቤት ነው። አንድ ሙዳይ ተሸጠ፤ የሻጯ ልጅ ደግሞ በነጋታው «ለምን ተሸጠ?» ብሎ ተጣላን። አያቴ የሰጠቻት ሣርም አልተመለሰም፤ አይመለስም። እናንተም ቤት ዕቃ ስታስወግዱ መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቁ። ቀጥሎ ደግሞ ምን ልትሠራበት እንደነበር ጠይቁ።

የእማዬን ወረቀት ያዘጋጀሁት መጨረሻ ላይ ነው። ስሟን ጻፍኩ፣ ከሥሩ «ሰፌድ፤ ስንደዶ፣ አክርማ፣ አለላ» ብዬ አነበብኩላት። ትንሽ አሰበች።

«‹ሣሩ፦ ልጄ፣ በሦስተኛው ሙከራ› ብለህ ጨምርበት» አለችኝ።

ጨመርኩበት።