በወረቀት ላይ የሚነዳ መኪና

በቢቸናም ሆነ በሞጣ የፎቶ ቤት ግድግዳ ያየ ሰው ያንን ፎቶግራፍ ያውቀዋል። ወጣቱ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የከተማው መንገድ አይቶት የማያውቅ የቅንጦት መኪና ተደግፎ ይታያል። መኪናው ከሌላ ፎቶግራፍ ተቆርጦ የመጣ ነው። የመኪናው ጥላ ወደ ምሥራቅ፣ የልጁ ጥላ ወደ ምዕራብ ይወድቃል። በዚህ የሚስቁ የአዲስ አበባ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔን ግን አያስቀኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ለአንድ የወረዳ ከተማ ወጣት የሚደርስበት መኪና የወረቀቱ መኪና ቢሆን ምን ይገርማል?

በቢቸና ፎቶ ቤት ሊከፍት ያሰበ አንድ ዘመዴ «በርካሽ የሚገኘው የትኛው ሶፍትዌር ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሙያ ይመስላል፤ ነገር ግን የአገሩ ፖለቲካ በሙሉ ውስጡ ተቀምጧል።

የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲሶቹን እትሞች የሚያቀርበው በኪራይ ነው። ኪራዩ በዶላር ይታሰባል፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የከፋው ግን ገንዘቡ ቢኖርም መክፈያ መንገዱ አለመኖሩ ነው፤ የብር ሒሳብ ያለው ባለፎቶ ቤት ለውጭ ድርጅት በምን ይከፍላል? ስለዚህ የተሰበረው ቅጂ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ቫይረሱም አብሮት። የአንድ ሙሽራ የሠርግ ፎቶግራፍ በቫይረስ ሲጠፋ «በነጻ ነው የተገኘው» ማለት ምን ይጠቅማል?

ፎቶፒያ የሚባለው በድረ ገጽ የሚሠራ መሣሪያ ነጻና ጥሩ ነው፤ የፎቶሾፕ ፋይል ሳይቀር ይከፍታል። ነገር ግን በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ከተሞች ለወራት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። እንጀራውን በኢንተርኔት ላይ ያንጠለጠለ ሰው እንጀራውን ለባለሥልጣን አስረክቧል።

ስለዚህ ጊምፕን መከርሁት። እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ይህ ሶፍትዌር ዋጋ የለውም፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። መኪናውን ከጀርባው ለይቶ መቁረጥ፣ በሌላ ንብርብር ላይ ማስቀመጥ፣ ሰሌዳውን ማደብዘዝ፣ ቀለሙን መቀየር ሁሉ ይቻላል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ፎቶሾፕ የለመደ እጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረራል። ጥላውን በአንድ አቅጣጫ ማስተኛቱ ግን የሶፍትዌሩ ሳይሆን የባለሙያው ዐይን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት። ልጁን ከመኪና ጋር ማቆም ማንንም አያታልልም፤ ባለፎቶውም፣ እናቱም፣ ጎረቤቱም ያውቃሉ። ነገ ግን ደላላ መጥቶ «የዚህን የሚሸጥ መኪና ጭረትና ጉዳት አጥፋልኝ» ይለዋል፤ ምናልባትም ከአሥር ደንበኛ የበለጠ ይከፍለዋል። ያኔ የሚታለለው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ የመጣ ገዢ ነው። ሰሌዳ መሸፈን ሌላ፣ ስብራት መሸፈን ሌላ።

የጊምፕ ፈቃድ ማባዛትን አይከለክልም። ሞጣ ያለው ጓደኛውም ስለጠየቀው፣ ፍላሹን ከደጀን በቢቸና በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፍ መኪና ልኮለታል።