በውሃ ቀለም የተሣለ የእንቁጣጣሽ ወረቀት

መስከረም 1 ቀን ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በወረቀት ሥለው ለዘመድ ለጎረቤት የሚያበረክቱት ሥዕል፣ ከመደብር ከሚገዛው ካርድ በእኔ ዘንድ ይበልጣል። የታተመውም ቢሆን ጥንቱን የእጅ ሥራ ነበረበት፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1843 ዓመት ሄንሪ ኮል በለንደን ያሳተመው የገና ካርድ፣ መስመሩ በማተሚያ ከወጣ በኋላ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው።

የውሃ ቀለም ጠባዩ ልዩ ነው። የሚያያይዘው የግራር ሙጫ ስለ ሆነ፣ ከደረቀ በኋላ እንኳ ውሃ ሲነካው ይፈታል። ንጣት የሚሻ ሰው ወረቀቱን ሳይቀባ ይተወዋል እንጂ ነጭ አይጨምርበትም። ቢጫው ሳይደርቅ አረንጓዴው ከቀረበው፣ የአደዩ አበባና ቅጠል ተደባልቆ አንድ ይሆናል። ልጆች ግን ይህን መታገሥ አይሆንላቸውም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ከወንድሜ ጋራ በውርስ ነገር ተቀያይመን ሦስት ዓመት ሳንነጋገር ቆየን። ደብዳቤ ብጽፍለት ክርክሩ ይነሣል፤ ዝም ብል ደግሞ ዘመን ይለወጣል። ስለዚህ ባለፈው ጳጉሜን በወፍራም ወረቀት ላይ ካባታችን ደጅ ያለውን ዋርካ ሣልሁና፣ ከበታቹ «እንኳን አደረሰህ» ብቻ ጽፌ ላክሁለት። መልስ አልጻፈልኝም። ነገር ግን በመስቀል ዕለት ከቤቱ የመጣ ልጅ፣ ሥዕሉ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ እንዳየው ነገረኝ።