ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልግዛ ወይስ ልከራይ?

ከላም በረት የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሰንዳፋን፥ አለልቱን፥ ሸኖንና ጫጫን አልፎ፥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲያደርሰን ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበረ። ወሩ ታኅሣሥ ስለ ነበረ ጥላ በወደቀበት ሣር ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፥ እንግዳ ሰው አስቀድሞ የሚማረው ነገር ቢኖር ጋቢ ሳይደርቡ አለመውጣትን ነው።

የመጣነው ለሽርሽር አልነበረም። አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ በዚህች ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሦስት ዓመት በኪራይ የኖረ ወጣት ነው። ከደመወዙና ከዕቁቡ ያጠራቀመውን፥ ከአጎቱ ከሚበደረው ጋር ደምሮ፥ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሊገዛ አስቧል። ሻጩ ቁርጡን እስከ ሰኞ እንዲያስታውቀው ነግሮታል። ቀኑ ቅዳሜ ነበረ። ወዳጄም አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፥ «እኔ ጓጉቻለሁና የማላየውን አንተ እይልኝ» ብሎ ይዞኝ ተመለሰ።

ደብረ ብርሃን ከጥንት ጀምሮ የመጤ ከተማ ናት። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ስፍራ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ፥ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሙን ደብረ ብርሃን እንዳሉትና ቤተ መንግሥታቸውንም በዚሁ እንዳቆሙ ታሪክ ይናገራል። ንጉሡ ባሉበት ጊዜ ወታደሩም፥ ካህኑም፥ ነጋዴውም ወደዚህ ጎረፈ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግን ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም በዚያ ስላልረጉ ከተማይቱ ቀዘቀዘች። ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም፤ የቤት ዋጋ ሰዉ የመጣበት ምክንያት እስካለ ድረስ የሚቆም ነውና።

ዛሬ ሰዉን የሚጠራው ሌላ ነው። ድሮ ስሟ የሚነሣው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዋ ተከፈተ፤ የቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። በጦርነትና በግጭት ምክንያት ከየቦታው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖችም ተጠግተውባታል። እንግዲህ አስተማሪውም፥ የፋብሪካ ሠራተኛውም፥ ተማሪውም፥ ተፈናቃዩም ለአንዲት ክፍል ይሻማል። ጭቃ ቤት በነበረበት ብሎኬት፥ ብሎኬት በነበረበት ፎቅ ይነሣል፤ ኪራዩም አብሮ ይነሣል።

ቤቱን ያየነው ከቀትር በኋላ ነው። ግድግዳው ንጹሕ፥ ወለሉም ያማረ ስለ ነበረ የወዳጄ ፊት በራ። እኔ ግን መስኮቱ ወደ ሰሜን መዞሩን አየሁ፤ በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ አይገባበትም ማለት ነው። ቧንቧውንም ብከፍተው ነፋስ ብቻ ተነፈሰ።

ስንወርድ ከአጥሩ ሥር በቀበሌ ቤት ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘንና ተቀመጥን።

«እማማ፥ ውሃው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ለእኛ ለታቾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፥ ልጄ። የላዮቹ ግን ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ እኔ ይወርዳሉ።»

ስለ ራሳቸው ቤት ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉ። «ፎቁ ሲመጣ ገበያዬ ደራ። አሁን ደግሞ ሰፈሩ ይነሣል እያሉ ያወራሉ። ቢነሣ የት እንደምወድቅ እንጃ» አሉና ወደ ወዳጄ ዞረው፥ «ገዛህም አልገዛህም፥ እድራችን ግባ። ፎቅ ላይ ሰው ቢታመም ማን ያያል?» አሉት።

ማታ ሻጩ መጣ። ሰውየው ትሑት ነው። «ስም ማዛወሩ ወጪና ጊዜ ይጠይቃል፤ ለጊዜው ውክልና እሰጥሃለሁ፤ ገንዘቡን ሰኞ ትሰጠኛለህ» አለ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ውክልናን ግን ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ሰጪው ሲሞት ይቀራል። ያን ጊዜ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ከወራሾች ጋር ይሟገታል። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ገዢ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን በደረጃው፥ በጣራውና በግቢው ላይ ያለውን ድርሻም ስለሚገዛ፥ የማሳደሻው መዋጮም አብሮ ይመጣበታል።

ከዚያ እርሳስ አንሥተን ሒሳብ ሠራን። ለምሳሌ የወር ኪራይ 6,000 ብር ቢሆን የዓመቱ 72,000 ይሆናል፤ የቤቱ ዋጋ 2 ሚሊዮን ብር ቢሆን የ28 ዓመት ኪራይ ያህል ነው። ነገር ግን ኪራይ ባለበት አይቆምም፤ የተቀመጠ ብርም የመግዛት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ሒሳቡ ብቻውን «ግዛ» ወይም «ተው» አይልም፤ ወረቀቱ ግን ይላል።

ወዳጄ ያን ሌሊት አልተኛም። ሰኞ ጧት ለሻጩ፥ «ሽያጩን አብረን ሄደን እናስመዝግብ፤ የባንክ ዕዳ እንደሌለበትም አሳየኝ፤ ያን ጊዜ እከፍላለሁ» አለው። ሻጩ «ሌላ ገዢ አለኝ» ብሎ ሄደ።

ወዳጄ ዛሬም ተከራይ ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የሚል መሆኑን ለአከራዩ አስረድቶ፥ በቃል የነበረውን ስምምነት በጽሑፍ አድርጎታል። ፀሐይ የሚገባበትና ወረቀቱ የጠራ ቤት መፈለጉንም አልተወም። በሰፈሩ እድር ግን ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ስሙ ተጽፏል፤ ያስጻፉትም ጠላ ሻጯ እናት ናቸው።