የጋይንት መንገድና የአውቶሞቢል መንኰራኵር

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ነበር። መድፉ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ስለ ነበረ፥ የጋይንትን ደጋ አቋርጦ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ወጥቶ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡም ለሠረገላው የሚስማማ መንገድ ስላላገኙ መንገዱን ለሠረገላው አስማሙት፤ ራሳቸው ሳይቀሩ በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ዳገቱን አስጠረጉ። ይህን ማድረግ ለንጉሥ እንጂ ለሹፌር የሚቻል አይደለም።

ዛሬ በዚያው ደጋ ላይ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው ጐዳና ያልፋል። ከጐዳናው ወጥቶ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ገጠር የሚገባ ሰው ግን ያንኑ የጥንቱን ድንጋይ ያገኘዋል።

በነፋስ መውጫ የሚኖር አንድ ሹፌር የብዙ ዓመት ጥሪቱን አውጥቶ፥ ከሁለት ወንድሞቹም ተበድሮ፥ ያገለገለ ቶዮታ ሃይሉክስ ገዛ። አውቶሞቢሉ ደኅና ነበረ፤ መልኩ ግን ለባለቤቱ ደስ አላለውም። ስለዚህ ከኒሳን ፓትሮል የወረደ፥ የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ከነሰፋፊ ጎማው ገዛለት፤ ከፍ እንዲልለትም በፊት እግሩ ረዘም ያለ ሞላ አስገባበት። ቸርኬው ስድስት ቡሎን ነው፤ ቡሎኖቹ የቆሙበትም ክብ እንደ ሃይሉክሱ 139.7 ሚሊሜትር ነውና፥ በሞከሩት ጊዜ ገጠመ። ሹፌሩም ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት መሰለው።

በመጀመሪያው ወር ያየው ሁሉ አደነቀለት። ከዚያ በኋላ ግን መሪው በአስፋልት ላይ ወዲያና ወዲህ ይል፥ በድንጋይ ላይም ከእጁ ይነጥቀው ጀመር። የፊቶቹ ጎማዎች በውጭ ጠርዛቸው ተበሉ። እርሱም በፊት መንገዱን፥ ቀጥሎም የጎማውን ነጋዴ ወቀሰ።

በነሐሴ ወር አንድ ማታ፥ ምጥ የጠናባትን ሴት ከወገዳ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንዲያደርስ ለመኑት። ባልዋና እናትዋ ከጎንዋ ተቀመጡ። መሪውን አጥብቆ ባዞረ ቍጥር ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፤ የግራው እግር ድንጋይ በረገጠ ቍጥር አውቶሞቢሉ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ወርዶ የእግሩን እንብርት ቢዳስስ እጁን የሚያቃጥል ሆኖ አገኘው፤ ኩሽኔታው ግሎ ነበር። እያሳረፈና እንደ እግረኛ እየሄደ፥ ከእኩለ ሌሊት በፊት የሚፈጸመውን መንገድ ሊነጋ ሲል ፈጸመው። ልጁ በሆስፒታሉ በደኅና ተወለደ። አሮጊቲቱም የሹፌሩን እጅ ይዘው፥ «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፤ ለልጄ ብለህ ቀስ አልህ» ብለው መረቁት። እርሱ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

በዚያው ቀን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄደ። ሽማግሌው ቸርኬውን አውርደው ለኩና፥ «ልጄ፥ ይህ የሌላ ቤት ልጅ ነው» አሉት። የፓትሮሉ ቸርኬ የመካከል ቀዳዳ 110 ሚሊሜትር ሲሆን የሃይሉክሱ እንብርት 106 ነው፤ ስለዚህ ቸርኬው በእንብርቱ ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ በቡሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ከዚህም የሚብስ ነበር። በቶዮታው ቸርኬ ቡሎን የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ 30 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ሲርቅ፥ በፓትሮሉ 10 ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጎማው በየጎኑ 20 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጣ። ሁለት ሳንቲሜትር ለዓይን ኢምንት ነው፤ ለኩሽኔታ ግን የጭነቱን ክንድ ያረዝምበታል፤ መሪንም ለድንጋይ ምት አሳልፎ ይሰጠዋል።

«ሞላውስ አባቴ?» አለ ሹፌሩ።

«እርሱማ ጎማህን ከላይ ወደ ውጭ አዘነበለው፤ ከፊትም አቀራረበው። መሪ ሲለቁት ወደ መካከል የሚመለሰው የሚዞርበት ዘንግ ራሱን ወደ ኋላ ስላዘነበለ ነው፤ አንተ ከፍ ስታደርገው ያ ዝንባሌ አነሰ። ከፍ አድርገህ አላይመንት ሳታስይዝ መንዳት ምን ይሉታል?»

ሽማግሌው የመጀመሪያውን የብረት ቸርኬና ሞላ መለሱለት። የተቃጠለውን ኩሽኔታና ያረጀውን የመሪ መጋጠሚያም አስለወጡት፤ የላላ መጋጠሚያ ይዞ አላይመንት ማስያዝ ገንዘብ መጣል ነውና። በጎማም ነገር ሰፊውን ትተው፥ ጠበብ ያለና ጎኑ ከፍ ብሎ የደነደነውን መረጡለት፤ በስማዳ ድንጋይ ላይ የሚጎዳው ጎኑ ነው። ከዚያ በኋላ ነፋሱን አስተካክሎ ወደ ባሕር ዳር ለአላይመንት ሄደ።

አሁን ወደ ወገዳ ከመውረዱ በፊት ጎንበስ ብሎ መዳፉን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ከውስጥም ወደ ውጭ ያሻል። ባንዱ አቅጣጫ ልስልስ፥ በሌላው ስለታም ሆኖ ካገኘው፥ ጎማዎቹ ጎን ለጎን መሄድ ትተዋል ማለት ነውና ጉዞውን ያዘገያል።

የሚያብለጨልጨው ቸርኬ እስካሁን በግቢው ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። ባለፈው ጊዜ አንድ ጎረምሳ ለሃይሉክሱ ሊገዛው ፈልጎ ደኅና ዋጋ ሰጥቶት ነበር። ሹፌሩ ቡና አስፈልቶ አስተናገደው፥ ቸርኬውን ግን አልሸጠለትም፤ ፓትሮል ያለው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።