ትኬት የማይሸጠው ቶቶሮ

ለሥራ ጉዳይ ቶኪዮ የሄደ ሰው አንድ ነፃ ቀን ካገኘ ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ገበያ ነው። እኔ ግን የ5 ዓመት ልጅ ስላለችኝ የምሄድበት ቦታ የተወሰነው ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ነበር። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ሚታካ የሚገኘው የጊብሊ ሙዚየም።

ጊብሊ የጃፓን አኒሜሽን ስቱዲዮ ነው። ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን የሐሳቡ ባለቤት የስቱዲዮው ታዋቂ ዳይሬክተር ሃያዎ ሚያዛኪ ናቸው። ከሚታካ ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በዛፎች ጥላ ሥር 15 ደቂቃ ያህል ብትራመዱ ኢኖካሺራ ፓርክ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ትኬት መሸጫ የሚመስል ትንሽ ክፍል ነው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ግን ሰው የለም። ግዙፍ፣ ጸጉራም፣ ሆደ ሰፊ ፍጡር ዓይኑን አፍጥጦ ያያችኋል። ቶቶሮ ነው። ትኬት አይሸጥም፤ እውነተኛው መግቢያ ከእሱ አለፍ ብሎ ነው። እኔ በደረስኩበት ሰዓት አብሮት ፎቶ ለመነሳት ከተሰለፉት አብዛኞቹ ልጅ ያልያዙ አዋቂዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ጸጉራቸው ሸብቷል።

እነዚህን ሰዎች ምን አመጣቸው? መልሱ ያለው ፊልሙ ውስጥ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ሳትሱኪ እና ሜይ የተባሉ የሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች፤ እነሱ ከአባታቸው ጋር ገጠር ገብተዋል። ትንሿ ሜይ ጫካ ውስጥ ቶቶሮን ታገኘዋለች። ቶቶሮ አይመክርም፣ አያስተምርም፤ ከማጓራት በቀር የሚናገረውም የለም ማለት ይቻላል። ዝም ብሎ አብሯቸው ይሆናል። ሚያዛኪ ራሳቸው ልጅ ሳሉ እናታቸው በቲቢ በሽታ ለዓመታት ታመው ነበር። ስለዚህ ልጅ ፊልሙን ሲያይ የሚታየው ጫካውና ቶቶሮ ነው። አዋቂ ደግሞ ሆስፒታሉን፣ የአባትየውን ጭንቀትና ከዕድሜዋ በላይ ኃላፊነት የተሸከመችውን ታላቅ እህት ያያል። አንድ ፊልም ለሁለት ዕድሜ ይሠራል።

በሌላ መንገድ ይህን እኛም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1940 የተወለዱት ቶም እና ጄሪ ያለ ትርጉም አዲስ አበባ ሳሎን ገብተው አያትንና የልጅ ልጅን አብረው ያስቁ የለ? ገጸ ባህሪው ብዙ ባላወራ ቁጥር ተመልካቹ የራሱን ስሜት ያስገባበታል።

ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ የቆምኩት አንድ ክብ መድረክ ፊት ነው። የቶቶሮና የጓደኞቹ ትንንሽ ቅርጾች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው በጥቂቱ ይለያል። መድረኩ ሲሽከረከርና መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ሲል ቅርጾቹ ነፍስ ዘርተው ይዘላሉ። አኒሜሽን ማለት ይኸው ነው። ፎቅ ላይ ደግሞ ልጆች የሚወጡበት ለስላሳ «የድመት አውቶቡስ» አለ። ለአዋቂ አይፈቀድም፤ ወላጅ ዳር ቆሞ ይስቃል። ውስጥ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ስለሆነ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ በዓይኑ ያያል።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሱቁን ሳላይ አልወጣሁም። የቶቶሮ አሻንጉሊት ዛሬ በብዙ አገር ይሸጣል። ነገር ግን ገበያ ላይ የዋለው ከፊልሙ ጋር ሳይሆን ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ ተወደደ፤ ዕቃው ከዚያ ተፈለገ። በሥራችን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከዕቃው ነው።

እኔ ግን ቶቶሮን የወደድኩት በሌላ ምክንያት ነው። አምና እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። «ለሕፃን አይነገርም፤ አያትሽ አገር ቤት ሄዳለች በሏት» የሚሉ ዘመዶች ነበሩ። እኔና ባለቤቴ ገና አልወሰንም። በዚያው ሰሞን ልጄ ይህን ፊልም ደጋግማ ታይ ነበር። ሜይ ለእናቷ በቆሎ ይዛ ብቻዋን ወደ ሆስፒታል የምትሄድበት ቦታ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እማማም እንደዚህች እናት ናት?»

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ እኛ በቆሎ የማንወስድላት ለምንድን ነው?»

በማግስቱ የተቀቀለ በቆሎ እሸት ይዘን ሄድን። እናቴ ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀመሰች፤ የቀረውን ግን ከራስጌዋ አላስነሳችም። ለልጄ ከዚያ በኋላ የምንደብቀው ነገር አልነበረም።

ጃፓን የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ ልብ በሉ፤ የሙዚየሙ ትኬት በር ላይ አይሸጥም። ቀንና ሰዓት መርጣችሁ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት መግዛት አለባችሁ፤ ቶሎ ያልቃል። መግቢያው ላይ የምትቀበሉት ትኬት ከእውነተኛ የፊልም ቁራጭ የተሠራ ነው። ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፤ ለልጅ የሚወሰድ ከዚያ የተሻለ ስጦታ አላገኘሁም። ቶኪዮ ለራቃችሁ ደግሞ ፊልሙ አለ። ለልጆቹ ከፍታችሁ ወደ ማዕድ ቤት አትሂዱ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። የሚጠይቁት አይጠፋም።