ስለ ፍቅርና ስለ ፍርሃት ድርሰት

«ተራ የፍቅር ታሪክ ነው» የሚለው ፍርድ በአገራችን ብዙ መጻሕፍትን ሳይነበቡ ቀብሯል። የሚያስፈራውንም ታሪክ የሕፃናት ተረት ነው ብለው የሚያልፉት ጥቂቶች አይደሉም። ከመሥሪያ ቤት መልስ ልብ ወለድ ለምንጽፍ ለእኛ ግን ይህ ፍርድ ቀላል ነገር አይደለም።

ጎቲክ የተባለው የድርሰት ዓይነት የሚቆጠረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1764 ጀምሮ ነው፤ ይኸውም እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለውን መጽሐፉን ካወጣበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከጥንት የጣሊያን ጽሑፍ የተተረጎመ አስመስሎ አቀረበው፤ መወደዱን ካየ በኋላ የራሱ መሆኑን ገለጠ። ደራሲ ሂስን ምን ያህል እንደሚፈራ ከዚህ ይታያል። አሮጌ ግንብ፣ ጨካኝ ጌታ፣ በር የተዘጋባት ልጃገረድና መቃብር በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት አይታጡም።

እኛ በመቱ ግንብ የለንም። ደንና ጭጋግ ግን ሞልቶናል፤ ዝናቡም ቶሎ አይለቅም። ጅብ ሲጮህ ከእሳት ዳር ተቀምጦ ስለ ጭራቅ ሲሰማ ያደገ ሰው ፍርሃትን ከባሕር ማዶ አይበደርም።

ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁም አልተበደሩም። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ሰብለ ወንጌልን ሳይድሯት ሲያስቀሩ፣ ቤታቸው ከዋልፖል ግንብ ይልቅ ያስፈራናል፤ በሙት መንፈስ ፈንታ የሚዞርበት የቅድመ አያቶች ስም ነውና። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ከዚያ ቤት ስትወጣ ልባችን የሚመታው ስለዚህ ነው። ትምህርቱን ብቻ ነጥለን እናውጣ ብንል «ዘር አትቁጠሩ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ትቀርልናለች፤ ለዚህችማ ዐዋጅ በበቃ ነበር።

ከዚሁ ከኢሉባቦር፣ ከሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ ብዙ ሰው ያነበበው የትኛው ባለሥልጣን በየትኛው ገጸ ባሕርይ እንደተሣለ ለማወቅ ነበር። የመንግሥቱ ሂስ ደግሞ ከአንባቢው እጅግ የከበደ ሆነ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የእነዚያን ሹማምንት ስም የማያውቅ የዛሬ ተማሪ ግን ለጸጋዬና ለፊያሜታ ያዝናል። ጦርነት ከሰው ላይ ምን እንደሚወስድ በዓሉ የነገረን በዚያ ፍቅር አማካይነት ነው፤ ሹማምንቱን ብቻ ሲፈልግ የኖረ ሃያሲ ይህን አልፎት ሄዷል።

እኛም የእጅ ጽሑፋችንን ለሚያነቡልን ለአንድ መምህር ወዳጃችን ስንሰጥ ስለ ትምህርቱ መጠየቅ ትተናል። የት ላይ እንደፈሩና የት ላይ ልባቸው እንደተነካ ብቻ በእርሳስ እንዲያሰምሩ እንለምናቸዋለን። ባለፈው ወር ከመለሱልን ሰባ ገጽ ውስጥ ያሰመሩት ሦስት ቦታ ነው፤ አንዱን እኛ ልንሰርዘው ነበር።