ለእትዬ የሸጥኩት ክሬም

የሸጥኩት ክሬም ውስጥ ክሎቤታሶል ነበረበት። ክሎቤታሶል ሐኪም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያዘው እጅግ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ፊት ላይ እንዲቀባም አይመከርም። እኔ ግን ከሎሽን ጋር በማንኪያ እያማሰልኩ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እየሞላሁ፣ ሽብሽብ ያጠፋል ብዬ ሸጥኩት። ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ ከቱቦው ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቤዋለሁ።

እትዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የልጃቸው ሰርግ አንድ ወር ሲቀረው መጡና ሬቲኖል ጠየቁኝ። ሬቲኖል ለውጡ እስኪታይ ወራት ይፈልጋል። «ይሄኛው ይፈጥናል» አልኳቸው። እውነትም ፈጠነ። ስቴሮይድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ ፊት ወዲያው የጠራ ይመስላል። «እትዬን አያችኋቸው?» እያልኩ ስንት ገዢ አመጣሁበት!

ስቴሮይድ ሲቆይ ቆዳው ኮላጅን እንዳይሠራ ያግዳል፣ ያሳሳዋልም። የሚያስረጅ ነገር ነው ወጣት ያደርጋል ብዬ የሸጥኩት። ከሰርጉ በኋላ እትዬ መቀባታቸውን ሲያቆሙ ፊታቸው ቀላ፣ አሳከካቸው፤ ጉንጫቸው ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ወጡ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። ሱቄ መጥተው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው «ምን ሆኜ ነው ልጄ?» ሲሉኝ መልሱን አውቀዋለሁ። «ስላቋረጡት ነው፤ ይቀጥሉበት» ብዬ ሌላ ሸጥኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ሐኪም ዘንድ የወሰደቻቸው ልጃቸው ናት።

ስለ ጸሐይ መከላከያ ትንፍሽ አላልኩም። ፊትን በዋናነት የሚያስረጀው ጸሐይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ጨረሩ ይበረታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በየቀኑ መከላከያ የተቀቡ ሰዎች ቆዳ እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። መከላከያው መደርደሪያዬ ላይ ነበረኝ። በሳምንት ውስጥ መስታወት ላይ የሚታይ ለውጥ ስለሌለው አልገፋሁትም።

ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ልመልስላቸው የያዝኩትን ገንዘብ አልተቀበሉኝም። «ለስንት ሰው ሸጥሽው?» ነበር ያሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የማንንም ስልክ አልያዝኩም።

ከእኔ ስም ያልተጻፈበት ነጭ ክሬም የገዛችሁ፣ አሁንም የምትቀቡት ከሆነ፣ በራሳችሁ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ምን ስትቀቡ እንደነበር ከጠየቃችሁ ክሎቤታሶል ነው በሉት።